ሆፕ፣ ጃምፕ እና ግራ እግሬ

ጉዳዩ በጠቅላላ የፈጀብኝ ይህን ነው፦ አንድ ጤነኛ ግራ እግር፣ ለወጌሻ የተሰጠ አንድ ጥንድ ቁጥር አርባ ሦስት ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ሁለቱም ቀኝ ሆነው ኒካ ላይ የዋሉ ባለ ተረከዝ ጫማዎች፣ እና በምኖርበት ብሎክ የነበረኝ የጤነኛ ሰው ስም። ይህ ሁሉ ወጥቶ ምን ተገዛ ብትሉኝ፣ በእንግሊዝኛ «ሆፕ» ማለት አንድ ነገር፣ «ጃምፕ» ማለት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ሌላ ምንም አልገዛሁም።

እኔ ጫማ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ሃያ ሁለት ሰፈር ነው፤ ቤቴ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ትምህርቴን ወሎ እያለሁ በልጅነቴ ነው የተውኩት። ከዚያ ወዲህ ያወቅኩትን እንግሊዝኛ በሙሉ ያስተማረኝ የጫማ ካርቶን ነው። «ጄኑዊን ሌዘር» ማለት ላስቲክ ማለት እንደሆነ የገባኝም በዚያው ነው። ይህን ያህል እንግሊዝኛ ይዤ እስካሁን ተቸግሬ አላውቅም ነበር።

መንትያ ልጆች አሉኝ፤ ሂክማ እና አቡበከር። አቡበከርን አቡ እንለዋለን። ሂክማ በጥቂት ደቂቃ ቀድማው ነው የተወለደችው፤ ይህችን ደቂቃ ደግሞ እንደ ሹመት ነው የያዘቻት። ዘንድሮ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ልናስገባቸው ቆረጥን። ለሱቄ ቅርብ ስለሆነ ጠዋት ከእኔ ጋር ይወጣሉ፣ ማታ ከእኔ ጋር ይመለሳሉ። ባለቤቴ ሰሚራም ልጆቹ ሲወለዱ ያቆመችውን ስፌት ትጀምራለች። የስፌት መኪናዋ ከመኝታ ቤታችን ጥግ ጨርቅ ለብሳ ስትጠብቅ ይኸው ልጆቹ ደረሱ። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ምዝገባ ዘግተዋል። ያለን እሱ ብቻ ነበር።

የድሮ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ ጆሮውን ሲነካ ነበር። እጅህ ከደረሰ ትገባለህ፣ ካልደረሰ እቤትህ ሄደህ እጅህ እስኪያድግ ትጠብቃለህ። ዛሬ ግን ልጅ ለኬጂ ሲገባ እንደ ባንክ ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል።

ሰኞ ጠዋት ሄድን። አንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚገባው ተባለ። ሰሚራ አሥረኛ ክፍል ስለጨረሰች እኔ ልግባ አለች። እኔ ደግሞ «ድርድር የለመድኩት እኔ ነኝ» ብዬ ገባሁ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሚስ ሮዛ ትባላለች። ከሰው ፊት በፊት ጫማውን የማየት አመል ስላለብኝ አየሁት፤ ቁጥር ሠላሳ ስምንት፣ ውስጡም እውነተኛ ቆዳ፣ ሲወለወል የኖረ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ዋጋ አይቀነስም ብዬ በልቤ ያዝኩ።

ልጆቹ ስማቸውን ተናገሩ። ቀለም ለዩ። ኤቢሲዲውን ሂክማ ጀመረች፣ አቡ ጨረሰው። ደረቴ ተነፋ። በዚህ መሃል ሚስ ሮዛ ፈገግ ብላ «ሆፕ!» አለቻቸው።

ልጆቹ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም አባት አይደለሁ?

«ዝለሉ ነው የምትላችሁ!» አልኳቸው።

ሁለቱም ዘለሉ፤ የቢሮው መስኮት እስኪንቀጠቀጥ።

ሚስ ሮዛ ራሷን ነቀነቀች። «ጃምፕ!» አለች።

ልጆቹ አሁንም ዞረው አዩኝ።

«ያው እኮ ነው፣ ዝለሉ!»

ከፊተኛው አስበልጠው ዘለሉ። እኔ አጨበጨብኩ። በክፍሉ ውስጥ ያጨበጨብኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አባት፣» አለች ሚስ ሮዛ፣ «ልጆቹ ሁለቱን አይለዩም።»

«ሁለቱም መዝለል አይደሉም እንዴ?»

«ሆፕ በአንድ እግር ነው፣ ጃምፕ በሁለት እግር ነው።»

ክው አልኩ። ይህን ያህል ዘመን ስኖር ፈረንጅ እግሩን ቆጥሮ እንደሚዘል ማንም አልነገረኝም። እኛ ቦይ ሲያጋጥመን እንዘላለን፣ ያለው እግር ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ አለቀ።

«ትዕዛዝ ሰምቶ ለይቶ መፈጸም ዋናው መመዘኛችን ነው» አለች። «እርስዎ ባያግዟቸው ምናልባት... ለማንኛውም ቅዳሜ አንድ ዕድል ልስጣቸው። ያኔ ካልለዩ ቦታቸው ለተጠባባቂ ይሰጣል። እና አባት፣ ቅዳሜ እባክዎ አይርዷቸው።»

ከመገናኛ በተሳፈርንበት አውቶቡስ ውስጥ ሰሚራ መንገዱ እስኪጋመስ አላናገረችኝም። ዝም ስትል ነው የምፈራት።

«ሰው የማያውቀውን ሲጠየቅ ዝም ይላል» አለች በመጨረሻ። «አንተ ትተረጉማለህ!»

«ወላሂ በቅን ልብ ነው ሰሚራ።»

«ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ይዘህ እየዋልክ፣ የገዛ ልጆችህን አንድ እግርና ሁለት እግር ማስተማር ያቅትሃል?»

የተናገረችው ልታሳፍረኝ ነበር፤ እኔ ግን መላው የመጣልኝ እዚያው ላይ ነው።

በእኛ ሥራ ከሱቅ ውጭ የሚሰቀለው ጫማ አንድ እግሩ ብቻ ነው፤ ቀኙ። ግራው ካርቶኑ ውስጥ ይተኛል። ሌባ አንድ እግር ጫማ ይዞ ቢሮጥ የት ይደርሳል? ደንበኛም ቀኙን ለክቶ ግራውን በእምነት ይገዛል። እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ጫማና ሁለት ጫማ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእኔ የበለጠ አስተማሪ ከየት ይመጣል?

እቤት እንደደረስን ልጆቹን ሳሎን አቆምኳቸው። ግራ ጫማቸውን አወለቅኩ።

«አንድ ጫማ ስታደርጉ፣ ጫማ ባለው እግር ብቻ። እሱ ሆፕ ነው።» ግራውን መልሼ አጠለቅኩ። «ሁለት ጫማ ስታደርጉ በሁለቱም። እሱ ጃምፕ ነው።»

ሂክማ ወዲያው ገባት። በአንድ እግር መዝለል ለእሷ ምን አዲስ ነገር አለው? ከታች ካሉት ሴቶች ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት ነው የምትውለው። ችግሩ አቡ ጋ ነበር። ጃምፕ ሲባል ከሶፋው ላይ ይወረወራል። ሆፕ ሲባል ግን እጁን አጣጥፎ ቁጭ ይላል።

«ለምንድን ነው የማትነሳው?»

«ሰኞ ማክሰኞ ነው። የሴት ጨዋታ ነው።»

«የሴት ጨዋታ አይደለም፣ እንግሊዝኛ ነው።»

«ወንድ በአንድ እግር አይዘልም» አለ አቡ ቆፍጠን ብሎ። «አንተ ዘለህ ታውቃለህ?»

ልጁን ከዚህ እምነት የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው ብዬ ግራ ጫማዬን አወለቅኩና ጀመርኩት። ከሳሎን ወደ ማዕድ ቤት፣ ከማዕድ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት። ሰሚራ ሽንኩርት እየከተፈች በአጠገቧ ሳልፍ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። እኔ በበኩሌ ሆዴ ከእኔ ትንሽ ዘግይቶ እንደሚያርፍ ያወቅኩት ያኔ ነው። አቡ በትኩረት ይመለከተኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አይነሳም።

በማግስቱ ደረጃ ላይ ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን አገኙኝ። የትግራይ ሴት ናቸው፤ በብሎኩ ውስጥ የታመመ ከእሳቸው አያልፍም፣ ሾርባቸውም ከታመመ አያልፍም።

«የሂክማ አባት፣ ትናንት ማታ ጣሪያዬ ሲደለቅ አመሸ። በርበሬ ነው የምትወቅጡት?»

እንግዲህ ፂም ያለው ሰውዬ ለእንደዚህ ያሉ ወይዘሮ «የለም፣ በአንድ እግር እየዘለልኩ ነው» ይላል? «አዎ፣ በርበሬ ነው» አልኩ።

«እሰይ! ስትጨርሱ ትንሽ አቅምሱኛ።»

ሰሚራ ደሴ ያሉት እናቷ ከላኩላት በርበሬ ቀንሳ ላከችላቸው። ስትቀንስም ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

ረቡዕ ሰሚራ ስፌት መኪናዋን ለጠጋኝ ልታሳይ ስለወጣች ልጆቹን ሱቅ ይዣቸው ዋልኩ። ጥሩ ልምምድ ይሆናል ብዬ ነበር። ሱቁ ውስጥ ቢያንስ ጫማ አይጠፋም። እኔ ደንበኛ ሳስተናግድ እነሱ ከኋላ ካርቶን እየከፈቱ ቀኝ ቀኙን ያጠልቃሉ፣ ሂክማ ሆፕ ትላለች፣ አቡ ይቆጣጠራል፣ ሲሰለቻቸው ጫማውን ወዳገኙት ካርቶን ይመልሳሉ። ያን ቀን አንዲት ረጅም ልጅ መጣች፤ በማግስቱ እህቷ የምትዳርበት ኒካ ነው። ወርቃማ ባለ ተረከዝ ከውጭ የተሰቀለውን ቀኙን ለካች፣ ልክክ አለላት፣ ካርቶኑን ጠቅልዬ ሸኘኋት።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ይዤ ሱቁን ስከፍት በሩ ላይ ቆማለች። በእጇ ካርቶኑን ይዛለች። በእግሯ ነጠላ ጫማ።

«አንተ ሰውዬ! ሁለቱም ቀኝ ናቸው!»

ከፈትኩት። ወላሂ ሁለቱም ቀኝ። ጎን ለጎን ተኝተው ወደ አንድ ወገን ያያሉ።

«ከማድረግሽ በፊት አላየሽውም እንዴ እህቴ?»

«መኪናው እየጠበቀ፣ ሙሽራዋ እያለቀሰች፣ እኔ ቁጭ ብዬ ጫማ ልመረምር? ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ እግሬ ወደ ግራ ይወስደኛል። ትሪ ይዤ ወደ ሴቶቹ ክፍል ስሄድ ወንዶቹ ክፍል ገባሁልህ! ሼኩ ዱዓቸውን አቋርጠው አዩኝ!»

ከኋላዬ ሂክማ እጅጌዬን ጎተት አደረገችኝ። «አባዬ፣ ሁለቱም ቀኝ ከሆነ ሆፕ ነው ጃምፕ?»

ልጅቱ ሂክማን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ የሱቁን ስም ቀና ብላ አነበበች። እንዲህ አድርጎ የሱቅ ስም የሚያነብ ደንበኛ ተመልሶ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ሌላ ጥንድ ሰጠኋት። ግራና ቀኙን በአየር ላይ አጋጥማ አይታ ወጣች።

እንግዲህ ዓርብ ደርሷል፤ ፈተናው ነገ ነው፤ አቡ አንዲትም ሆፕ አላለም። ከጁምዓ መልስ ብሎኩ ሥር ቁጭ ብለን ተደራደርን። እንደ ነጋዴ የምናገረው ነው፦ ከዚህ ልጅ የከፋ ተከራካሪ ከቻይና ዕቃ አስመጪዎች ውስጥ እንኳን አላጋጠመኝም።

«ከታች እስከ ቤታችን በአንድ እግር ከወጣህ እኔም አደርጋለሁ» አለኝ።

«እስከ አንደኛ ፎቅ።»

«እስከ ቤታችን።»

«እስከ ሁለተኛ።»

«እንዲያውም ተወው።»

ግራ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ጀመርኩ። አንደኛ ፎቅ ስደርስ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ወደ ሁለተኛው ስወጣ የደረጃውን ብረት አቅፌ ነው የምጎተተው። ጥርሴን ነክሻለሁ። አቡ ከኋላዬ ሳቁን ለማፈን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ሂክማ ከላይ አጎንብሳ ትጮሃለች፦ «አባዬ፣ ግራህን እንዳታስነካ! ግራህን መሬት እንዳታስነካ!»

የእትዬ ለተብርሃን በር ተከፈተ።

እስቲ ከእሳቸው በኩል ሆናችሁ እዩት። አንድ ሰው፣ በላብ የተነከረ፣ ጫማውን በእጁ የያዘ፣ ግራ እግሩን ያንጠለጠለ፤ ከኋላው ፊቱን ሸፍኖ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፤ ከላይ እግሩን እንዳያስነካ የምትማጸን ሴት ልጅ።

«ዋይ አነ! የሂክማ አባት፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም እትዬ ለተብርሃን፣ ሆፕ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ሆፕ! እንግሊዝኛ ነው።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ። «ሕመሙ አናቱ ላይ ወጥቷል፣ በፈረንጅ አፍ እየቃዠ ነው! ኧረ ሰው!»

ጤነኛ መሆኔን ላሳይ ብዬ ግራ እግሬን መሬት ላይ ላደርግ ስል «እንዳትረግጠው!» ብለው ጮኹ። ከላይ ፎቅ ቁም ሣጥን የሚያወርዱ ጎረምሶች ነበሩ። ቁም ሣጥኑን አስቀምጠው እኔን አነሱ። በዚያው አያያዝ፣ በጎኔ አዘንብለው፣ የእትዬ ለተብርሃን ሶፋ ላይ አወረዱኝ።

«ኧረ አያመኝም!» እላለሁ።

«አሁን ትኩስ ስለሆነ ነው። ሲበርድ ነው የሚነግርህ» ይላሉ።

እንግዲህ በዚህ አገር ለዚህች አነጋገር መልስ ያገኘ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ካመመህ ታመሃል። ካላመመህ ትኩስ ስለሆነ ነው። ከሁለቱ የሚያመልጥ የለም።

ጋሽ ደምሴ ተጠሩ። የሚኖሩት ከፊት ለፊቱ ብሎክ ነው፤ የሰፈሩ ወጌሻ ናቸው። አንድም ቀን ተሳስተው እንደማያውቁ ይነገራል፤ የሚናገሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቅባት አስመጥተው ከእግሬ ሥር ቁጭ አሉ።

«እዚህ ጋ ያምሃል?»

«አያመኝም ጋሽ ደምሴ።»

«ህም። ደንዝዟል።» በአውራ ጣታቸው ሌላ ቦታ ጫኑ። «እዚህስ?»

«አያመኝም።»

«እዚህስ?» አሁን ጉልበታቸውን በሙሉ ነው የጫኑት።

«ኧረ አመመኝ!»

«አላልኳችሁም?» አሉ ዞር ብለው። ቤቱ ሙሉ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «ወልቋል። ይኸው ከቀኙ ጋር አስተያዩት፣ አንድ ነው?»

«ጋሽ ደምሴ፣ የማንም ሰው ግራና ቀኝ እግር አንድ አይደለም። እኔ ጫማ ነጋዴ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ወጌሻ ነኝ።»

በዚህ መሃል ሰሚራ ደረሰች። አልሐምዱሊላህ፣ ምስክሬ መጣች አልኩ። ከትንፋሿ ጋር እየታገለች «ኧረ እሱ ጤነኛ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ እግር መዝለል ሲለማመድ ነው የሰነበተው!» አለች።

እትዬ ለተብርሃን ስለ በርበሬው ያኔ የገባቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። ጋሽ ደምሴ ግን አልተናወጡም።

«ሳምንቱን ሙሉ? በዚህ ሰውነቱ? እንግዲያው ያወለቀው እሱ ነዋ!»

ሰሚራ ትንሽ አሰበች። ከልቧ አሰበች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አንተ ደግሞ መቼም የሚያምህን አትናገርም።» መጥታም ትከሻዬን ጥፍር አድርጋ ያዘችኝ።

አንዱ ጎረምሳ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ደምሴ «ቢስሚላህ በል የኔ ወንድም» አሉኝ፤ ለሃይማኖቴ መጨነቃቸው ነው። ቢስ ብዬ ሳልጨርስ ጎተቱት።

ቀጭ።

«ገባ!» አሉ ጋሽ ደምሴ። ቤቱ አጨበጨበ። እትዬ ለተብርሃን እልል አሉ።

እኔ ግን ሲወጣ ነው የሰማሁት። የገዛ እግሬን ከውጭም ከውስጥም ሰምቼዋለሁ። ድንጋጤው ከሕመሙ ቀድሞኝ መጮህ ራሱ ዘገየብኝ። ስጮህ ጋሽ ደምሴ በኩራት «ይኸው፣ አሁን በረደ» አሉ። ገንዘብ አልቀበልም ብለው ምለው ተገዝተው፣ የእግር ቁጥራቸውን ለሰሚራ ነገሯት።

ያን ዕለት ቤት የገባሁት ጎረምሶቹ ትከሻ ላይ ነው። አቡ ግን የቃሉ ሰው ሆነ። እኔን ያየበት ዓይን ተለውጦ ነበር። አባቱ በአንድ እግር ወጥቶ ይህ ሁሉ ሰው ካጨበጨበለት፣ ነገሩ የሴት ብቻ ሊሆን አይችልም። ግራ ጫማውን አወለቀና ሳሎኑን በሆፕ ዞረው። እግሬ እንደ ዳቦ ሊጥ እየተነፋ፣ እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ «ማሻአላህ» እላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰሚራ እኔ ልግባ አለች። አቡ አባቴ ካልገባ አልገባም አለ።

«እሺ፣ ግባ» አለችኝ። «ግን አንዲት ቃል ብትተረጉም...» ቀሪውን አልነገረችኝም። መግባትም አላስፈለገውም።

በአንድ እግሬ ቆዳ ጫማ፣ በሌላው የገላ መታጠቢያ ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ያውም የጫማ ነጋዴ ሆኜ፣ ግድግዳ እየደገፍኩ ደረስኩ። ተጠባባቂዎቹ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለዋል። አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ በእናቷ ፊት ሆፕ ትላለች፣ ጃምፕ ትላለች፣ ሆፕ ትላለች። የልጅ ልምምድ አይቼ እንዲህ ከፍቶኝ አያውቅም። ልጆቼ ግን ዝግጁ ናቸው። አንድ ጫማ ሆፕ፣ ሁለት ጫማ ጃምፕ። ምን ይመጣል?

ፈተናው የዛሬው በቢሮ አይደለም፣ በሕፃናቱ ክፍል ነው ተባለ። ሚስ ሮዛ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችን።

«ጫማ እዚህ ይወልቃል» አለች። «ምንጣፍ ነው።»

ከአናቴ እስከ ጤነኛው እግሬ ደነዘዝኩ።

«ሚስ፣ ልጆቹ ጫማቸውን ቢያደርጉ...»

«ምንጣፉ አዲስ ነው አባት።»

«አንዱን ብቻ ቢያደርጉስ?»

«አንዱን?»

ልጆቹ አራቱንም አውልቀው በሥርዓት ደረደሯቸው፤ የነጋዴ ልጆች ናቸው። ገብተው ምንጣፉ መሃል ቆሙ። እኔም የእኔን አውልቄ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከበሩ መስታወት ጀርባ የሰሚራ ፊት ይታየኛል።

«ሆፕ!» አለች ሚስ ሮዛ።

ልጆቹ ወደ እግራቸው አዩ።

«ስንት ጫማ አለሽ?» አላት አቡ በሹክሹክታ።

«ዜሮ።»

«እኔም ዜሮ። ዜሮ ምንድን ነው?»

«ዜሮን አባዬ አላስተማረንም።»

ቆሙ። ሚስ ሮዛ ጠበቀች። ከውጭ የሹሩባዋ ልጅ እግር ይሰማኛል፣ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ። በመስታወቱ ውስጥ ሰሚራ ከንፈሯን ነክሳለች። መናገር አልችልም፤ ከውስጥም ከውጭም ተከልክያለሁ። ስለዚህ ግድግዳውን ለቀቅኩና ወደ ልጆቹ አንድ ሁለቴ በቀኝ እግሬ እንጣጥ አልኩ።

የሂክማ ፊት በራ። ሆፕ አለች። አቡ አየኝ፣ ተከተላት፤ ያውም በኩራት።

«አባት! አይርዱ ብዬ ነበር» አለች ሚስ ሮዛ።

«አልረዳሁም ሚስ። ሌላ አካሄድ ስለሌለኝ ነው።»

ያበጠውን እግሬን አየችው። ሐኪም ቤት ሂድ የሚል ፊት እንጂ ውጣ የሚል ፊት አልነበረም። ወደ ልጆቹ ዞረች።

«ጃምፕ!»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ።

ሂክማ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። አቡ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ ልክ ደረጃው ሥር እንዳለ፣ ታደርገዋለህ ወይስ አታደርገውም ብሎ ያየኛል። ግራ እግሬን በቀስታ ምንጣፉ ላይ አሳረፍኩ። እሳት ረገጥኩ። ሰሚራ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን በኃይል ስትነቀንቅ፣ ተው ስትለኝ አያለሁ።

ዘለልኩ።

መውጣቱ ደህና ነበር። ስወርድ ግን «ያ አላህ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት በረንዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ተነሥቶ በመስኮት እስኪያይ ድረስ ነበር።

ልጆቹም ዘለሉ። በሁለት እግር፣ አንድ ላይ፣ አሳምረው። ሲያርፉም ሁለቱም «ያ አላህ!» ብለው ጮኹ።

ሚስ ሮዛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ መጣችና ክንዴን ይዛ በአንዲት የሕፃን ወንበር ላይ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችኝ። በልጅነቴ ያላገኘሁትን ቅጣት በስተርጅና አገኘሁት።

«አሁን አባታችሁን አትዩ» አለቻቸው። «ሆፕ!»

ከጀርባዬ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል የነጠላ እግር ድምፅ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጃምፕ!»

ድም። «ያ አላህ!»

«ሆፕ!» ጠብ፣ ጠብ። «ሆፕ!» ጠብ፣ ጠብ። ልታሳስታቸው እንደሆነ ገባኝ። «ጃምፕ!» ድም። «ያ አላህ!»

ግድግዳው ላይ የተሳለውን ቀጭኔ እያየሁ ቆየሁ።

«ለይተዋል» አለች ሚስ ሮዛ። «ግን ጩኸቱ ምንድን ነው?»

«እሱ ከጃምፕ ጋር ነው የሚመጣው» አለቻት ሂክማ።

ሰሚራ በሩን ከፍታ ስትገባ የሳቀችው ይሁን ያለቀሰችው አልለየሁም። ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና «ማነው የነካው?» አለኝ። ጎረቤት ናቸው አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ጋሽ ደምሴ ጫማው ትንሽ ጠቦኛል ብለው ልከዋል። እትዬ ለተብርሃን ሾርባ ያመጣሉ። የሰሚራ ስፌት መኪና ጨርቋ ተነሥቶላታል። ሱቁን የምከፍተው በክራንች ነው።

ሂሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ነው፦ ሁለት ልጆች ገብተዋል። አንድ እግር ጀሶ ውስጥ ነው።